ሞደሙ የት ነው የሚደውለው?

ባለፈው ወር ኮምፒውተር ልትገዙ ስትወጡ ሻጩን ምን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ጽፌ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ጥያቄው ተቀየረ። አሁን ምግብ ቤት ከሚገባው ሰው ግማሹ «ኮምፒውተሩን ገዛሁት፣ ኢንተርኔት ግን አልገባ አለኝ» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ኢንተርኔቱስ ገባ፣ ግን ቤት ስልክ የሚባል ነገር ጠፋ» ይላል። የሁለቱም ጉዳይ ያለው አንድ ትንሽ ዕቃ ላይ ነው፣ ሞደም ላይ።

ስለ አገጣጠሙም፣ ሲያስቸግር ስለሚደረገውም እጽፋለሁ። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር በደንብ ይያዝልኝ። ሞደም ማለት ስልክ ደዋይ ነው። ሌላ ተአምር የለውም። እናንተ እጃችሁን ሰዳችሁ ቁጥር እንደምትነኩት እሱም ቁጥር ይነካል፣ ወዲያ ማዶ ያለ ሌላ ሞደም ያነሳለታል፣ ሁለቱ ያወራሉ። የሚደውለው በእናንተ መስመር ነው፣ ቢሉም የሚመጣው በእናንተ ስም ነው። ሰው ሁሉ «ይሠራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። «የት ነው የሚደውለው?» ብሎ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ በጣት የሚቆጠር ነው።

ምግብ ቤት ገብታችሁ በክሬዲት ካርድ ስትከፍሉ ካሸሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማሽን አይታችሁ ይሆናል። ድሮ ካርዱ ሲሳብባት ትንሽ ቆይታ ቲ፣ ቲ፣ ቲ ትል ነበር። እሷም ውስጧ ሞደም ነበረ። ወደ ካርድ ኩባንያው ደውላ «ይህ ሰው ገንዘብ አለው ወይ?» ብላ ጠይቃ መልስ ታመጣ ነበር። ዓርብ ማታ ሰው ተሰልፎ ሳለ አንዱ አስተናጋጅ በዚያው መስመር ስልክ ካነሳ ማሽኗ ሥራዋን ታቆም ነበር። ቤታችሁ ያለውም የዚህ ታላቅ ወንድም ነው።

ለምን እንደሚጮህ ላስረዳ። ኮምፒውተር የሚያውቀው ዜሮና አንድ ብቻ ነው። የስልክ ሽቦ ደግሞ የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፦ ዜሮና አንዱን ወደ ድምፅ የሚለውጥ፣ ከዚያ ማዶ የመጣውን ድምፅ ደግሞ ወደ ዜሮና አንድ የሚመልስ። ስሙም ሞዱሌተር እና ዲሞዱሌተር ከሚባሉ ሁለት ቃላት ተቆራርጦ የተሠራ ነው። ያ ልጆቹ የሚስቁበት «ጭርርር ሽሽሽ» የሚለው ጩኸት ሁለቱ ሞደሞች ሰላምታ ተለዋውጠው በምን ፍጥነት እንነጋገር ብለው ሲስማሙ ነው።

አሁን ወደ አገጣጠሙ። ሞደም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚሰካ ካርድ ነው፣ ሌላው ውጭ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሳጥን ነው። አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ገብቶበት ይመጣ ነበር፤ ከኋላ ሁለት የስልክ ቀዳዳ ካያችሁ አለ ማለት ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ከዘመድ የወረሳችሁ ግን ልትገዙ ነው። የእኔ ምርጫ የውጭው ነው። ትንሽ ይወደዳል፣ የራሱም የኤሌክትሪክ መሰኪያ ይፈልጋል፣ ግን ፊቱ ላይ መብራቶች አሉት። ሲደውል፣ ሲያወራ፣ ሲዘጋ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሲደርቅባችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሳታጠፉ እሱን ብቻ አጥፍታችሁ ታበሩታላችሁ። የውስጡ ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ዘግቶ እንደገና ማስነሳት ነው።

የውስጡን የምትሰኩ ከሆነ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የመብራት ገመዱንም ንቀሉ። ክዳኑን ከፍታችሁ ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ንኩ። ክረምት ላይ ምንጣፍ ላይ ሄዳችሁ የበር እጀታ ስትነኩ ጣታችሁን የሚያቃጥለው ነገር ካርዱን ሊገድለው ይችላል። ካርዱን ከሁለቱም ጫፍ እኩል ተጫኑት፣ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት፣ ከዚያ ቡሎኗን እሰሩ። የውጭው ከሆነ ከኮምፒውተሩ ኋላ ባለው ሲሪያል በሚባለው መሰኪያ አገናኙት፣ በቃ።

የስልክ ገመዱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሞደሙ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ቀዳዳዎች አሉ። አንዱ «ላይን» ይላል፣ ሌላው «ፎን»። ከግድግዳው የሚመጣው ገመድ ላይን ከሚለው ውስጥ ይገባል። ፎን የሚለው ስልኩን የምትሰኩበት ነው። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ጠረጴዛ ስር ተንበርክኮ አይነበብም፣ ባትሪ አብሩ። ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት መጥቶ «ጋሼ፣ ሞደሙ ተበላሽቷል፣ ልመልሰው ነው» አለኝ። «ገመዱ የት ነው የተሰካው?» አልኩት። ሄዶ አይቶ በማግስቱ ሲመለስ ስለ ሞደሙ ምንም ሳይናገር ክትፎ አዘዘ።

ኮምፒውተሩን ስታበሩ ዊንዶውስ 98 አዲስ ዕቃ እንዳገኘ ይነግራችኋል፣ ከሞደሙ ጋር የመጣውን ሲዲ ይጠይቃል፣ ትሰጡታላችሁ። መግባቱን ለማረጋገጥ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሞደምስ የሚለውን ክፈቱ፣ ዳያግኖስቲክስ የሚለውን ጫኑ፣ ሞደሙ ያለበትን መስመር መርጣችሁ ሞር ኢንፎ በሉ። የሞደሙ መልሶች ተደርድረው ከመጡ ኮምፒውተሩና ሞደሙ ተዋውቀዋል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር የስልክ ወይም የቁጥር ነው። መልስ ካልመጣ ደግሞ ስልክ ኩባንያ ጋ አትደውሉ፣ ችግሩ ቤታችሁ ነው። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የተለመደው ምክንያት ሞደሙና ማውዙ መጣላታቸው ነው፤ ኮም 1 እና ኮም 3 አንድ መስመር ይጋራሉ፣ ኮም 2 እና ኮም 4 እንዲሁ። ማውዙ ኮም 1 ላይ ካለ ሞደሙን ኮም 2 ላይ አድርጉት።

ቀጥሎ ኢንተርኔት አቅራቢ ኩባንያ ነው። ሦስት ነገር ይሰጣችኋል፦ የምትደውሉበት ስልክ ቁጥር፣ ስምና ፓስወርድ። ማይ ኮምፒውተር ውስጥ ዳያል አፕ ኔትወርኪንግ የሚለውን ከፍታችሁ አዲስ ግንኙነት ትሠሩና ሦስቱን ትሞላላችሁ። እንደ አሜሪካ ኦንላይን ያሉት ደግሞ በየፖስታ ሳጥኑ ይልኩት በነበረው ሲዲ ራሳቸው ይሞሉት ነበር፤ የቁጥሮች ዝርዝር አምጥተው «ምረጥ» ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቀሪው ሁሉ ቢሳሳት ኢንተርኔት አይገባም፣ ይኸው ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ግን ኢንተርኔቱ በደንብ ይገባል፣ ፈጣን ነው፣ ልጆቹም ደስ ይላቸዋል፣ ጉዱ የሚታወቀው ወሩ ሲያልቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ሰዓት ነው የሚቆጥረው። አንዱ የኢንተርኔት ኩባንያው ሰዓት ነው፣ ሁለተኛው የስልክ ኩባንያው። የወር ክፍያ ከፍላችሁ «አንሊሚትድ» ሲሏችሁ የመጀመሪያው ሰዓት ቆመ ማለት ነው። ሁለተኛው እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል የሚለውን የሚወስነው ሞደሙ የሚደውልበት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሎካል ከሆነ የቤት ስልክ የወር ክፍያችሁ ውስጥ ያለ ጥሪ ነው፣ አሥር ሰዓት ቢቆይም ያው ነው። ቁጥሩ ከሎካል ክልላችሁ ውጭ ከሆነ በደቂቃ ይታሰብ ነበር። በደቂቃ 10 ሳንቲም ነው እንበል። ልጆቹ በቀን 3 ሰዓት ቢቀመጡ 18 ዶላር ነው። በ30 ቀን 540 ዶላር። የብዙ ሰው የመኪና ክፍያ ከዚህ ያንስ ነበር።

አንድ ደንበኛችን፣ ታክሲ የሚነዳ የልጆች አባት፣ ከዚህ የማይሻል ቢል ይዞ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ። ሰባት ገጽ፣ አንድ ቁጥር እየተደጋገመ። መጀመሪያ የጠረጠረው የሚስቱን ወንድም ነበር፤ ሰውየው ቤታቸው ሲኖር ሦስት ወሩ ነው። ልጁን ደግሞ ሎንግ ዲስታንስ ጓደኛ አበጅቷል ብሎ ሊገርፈው ደርሶ ነበር። ቁጥሩን ከምግብ ቤቱ ስልክ ደወልንበት። ሁለት ጊዜ ጠራና ያ «ጭርርር» መጣ። ሰው አልነበረም፣ ሞደም ነው። ልጁ ፕሮግራሙን ሲያስገባ ከዝርዝሩ ውስጥ የመጀመሪያውን ቁጥር መርጧል፣ እንግዲህ ልጅ ምን ያውቃል። ስልክ ኩባንያው ደውሎ ሲያስረዳቸው ለአንድ ጊዜ ከፊሉን ቀነሱለት፣ የቀረውን ግን በየወሩ እየከፋፈለ ነው የከፈለው። ከሚስቱ ወንድም ጋር የነበረው ነገርም ለመብረድ ጊዜ ወስዷል።

ሎካል መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ኤሪያ ኮዱ አንድ ስለሆነ ብላችሁ አትመኑ። 301 የሚባለው ኮድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ተራራ ማዶ እስከ ሄገርስታውን ይደርሳል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብሎ ሄገርስታውን መደወል ሎካል አይደለም። በተቃራኒው ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዋሽንግተን 202 መደወል ኮዱ ቢለያይም ሎካል ነው። በስልክ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ከእናንተ ቁጥር ተነስቶ የትኞቹ ቁጥሮች ሎካል እንደሆኑ በሦስት በሦስት አሃዝ ይዘረዘር ነበር። የሞደሙን ቁጥር ከኤሪያ ኮዱ ቀጥለው የሚመጡትን ሦስት አሃዞች እዚያ መፈለግ ይቻል ነበር። ያላመነ 0 ደውሎ ኦፕሬተሯን «ከዚህ ቁጥር ወደዚያ ቁጥር ሎካል ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። የኢንተርኔት ኩባንያውን ብቻ አትጠይቁ፤ እነሱ የሚያውቁት የራሳቸውን ሰዓት ነው።

አሥር አሃዝ መደወል ደግሞ ሌላ ጣጣ አምጥቷል። በሜሪላንድ ከ1997 ጀምሮ 301 ላይ 240 ሲጨመር፣ በ2000 ደግሞ በሰሜን ቨርጂኒያ 703 ላይ 571 ሲጨመር፣ ጎረቤታችሁም ጋ ስትደውሉ ኤሪያ ኮዱን መምታት ግድ ሆኗል። ዊንዶውስ ግን ይህን አያውቅም። የእናንተና የሚደወልበት ኤሪያ ኮድ አንድ ከሆነ ኮዱን ጥሎ ሰባቱን ብቻ ይደውላል፣ ከዚያ የስልክ ኩባንያዋ ሴትዮ ድምፅ ይመጣል፣ ሞደሙም ሴትዮዋን ሰምቶ ምን እንደሚል ግራ ይገባዋል። ዳያሊንግ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ኤሪያ ኮድ ሩልስ የሚለውን ከፍታችሁ ሁልጊዜ አሥሩን ደውል የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ግንኙነቱን ስትሞክሩም ስክሪኑ ላይ የሚደውለውን ቁጥር ያሳያችኋል፤ አንድ ጊዜ አንብቡት። ከፊቱ 1 ካለበት ለምን እንደሆነ ሳታውቁ አትለፉት።

ከዚህ የከፋም አለ። በ1997 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ፍርድ ቤት ያቀረበው ጉዳይ ነበር። አንዳንድ የራቁት ሥዕል የሚያሳዩ ገጾች «ሥዕሉን ለማየት ይህን ፕሮግራም ውሰዱ» ይሉ ነበር። ፕሮግራሙ ከገባ በኋላ የሞደሙን ድምፅ ያጠፋል፣ የሎካሉን ግንኙነት ይቆርጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ሞልዶቫ በሚል ሂሳብ ወደ ውጭ አገር ይደውል ነበር። በደቂቃ ከ2 ዶላር በላይ። ሰውየው ከገጹ ወጥቶ ሌላ ነገር ቢያነብም መስመሩ ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ አይዘጋም ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሞልዶቫ የት እንዳለች ያወቀው ከስልክ ቢሉ ነው። በስተኋላ ገንዘቡ ለሰዎቹ እንዲመለስ ተደርጓል፣ ዘዴው ግን ቀላል ስለሆነ ሌላ ሰው ነገ ሊሠራበት ይችላል።

ለዚህ መከላከያ እኛ ሐበሾች ከፈረንጁ የተሻለ ዕድል አለን። አብዛኞቻችን አገር ቤት የምንደውለው በካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለውን 800 ወይም ሎካል ቁጥር ደውለን፣ ፒኑን አስገብተን፣ ከዚያ 251። ይህ ማለት ከቤታችን መስመር በቀጥታ ወደ ውጭ አገር መደወል አያስፈልገንም ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ስልክ ኩባንያው ደውላችሁ ቀጥታ የውጭ አገር ጥሪ ይዘጋልኝ በሉ። ካርዱ እንደ ድሮው ይሠራል፣ የሞልዶቫው ዓይነት ፕሮግራም ግን በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ሎንግ ዲስታንሱንም በካርድ የምትጠቀሙ ከሆነ እሱንም አዘጉት። የሞደሙን ድምፅ ደግሞ አታጥፉት። ሌሊት ይረብሻል ብላችሁ ካልሆነ ቀንሱት እንጂ ጨርሶ አትዝጉት። እናንተ ሳታዙት ሲደውል የምትሰሙት በዚያ ነው።

ድምፁን ያለመዝጋት ሌላም ጥቅም አለው። ጆሮውን የሰጠ ሰው ግማሹን ብልሽት ያለ ባለሙያ ያውቀዋል። መጀመሪያ የስልኩ «ኡኡኡ» አለ ወይ? ከሌለና ስክሪኑ 680 የሚል ስሕተት ካመጣ መስመር አላገኘም፤ ገመዱ ወይ ላላ፣ ወይ ፎን ውስጥ ገባ፣ ወይ ላይኛው ክፍል አንድ ሰው ስልኩን በደንብ አልዘጋም። ስልኩን እዚያው ግድግዳ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። «ኡኡኡ»ው ኖሮ ግን እየተቆራረጠ «ኡ፣ ኡ፣ ኡ» የሚል ከሆነ ደግሞ ብልሽት አይደለም፤ የስልክ ኩባንያው ቮይስሜይል ላይ መልእክት ተቀምጦላችኋል። ሞደሙ ግን የተቆራረጠውን ድምፅ አያውቀውም፣ መስመር የለም ይላል። መልእክታችሁን ስሙና ይስተካከላል፣ ወይም በሞደሙ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ከመደወልህ በፊት ድምፁን ጠብቅ የሚለውን ምልክት አንሱት።

ደውሎ «ጢጥ ጢጥ ጢጥ» ካለ ተይዟል፣ 676 ነው። ማታ ማታ ይበዛል። አሜሪካ ኦንላይን በ1996 መጨረሻ ያልተገደበ ክፍያ የጀመረ ጊዜ ሰዉ ሁሉ አንዴ ገብቶ አልወጣም ብሎ ቁጥሮቹ ለሳምንታት ተይዘው ነበር። ሌላ ሎካል ቁጥር ካለ ሁለተኛ አድርጋችሁ መዝግቡ። ጠርቶ ጠርቶ የሚያነሳ ከጠፋ 678 ነው፤ ቁጥሩን በስልክ ደውላችሁ ማን እንደሚያነሳ ስሙ። አንዳንዴ ምንም የማያውቁ አሮጊት ናቸው የሚያነሱት፣ ይቅርታ ጠይቃችሁ ቁጥሩን አርሙ። ጩኸቱ ሁሉ አልቆ ከገባ በኋላ 691 ካለ ፓስወርዱ ነው። ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚለያይ አትርሱ፣ ካፕስ ሎክ መብራቷን እዩ።

ገብቶ ግን በየአሥር ደቂቃው ከተቋረጠ ወይ መስመሩ ድምፅ አለው፣ ወይ ኮል ዌይቲንግ ነው። ስልኩን አንሱና አንድ ቁጥር ነክታችሁ ዝምታውን አድምጡ። እንደ ዘይት ጠብ ጠብ የሚል ነገር ከሰማችሁ ሞደሙም ይሰማዋል። ረጅሙን ገመድ በአጭር ለውጡ፣ ከመብራት ገመድ አርቁት፣ ርካሽ ማከፋፈያዎችን ንቀሉ። የራሳችሁ ቤት ከሆነ ደግሞ ውጭ ግድግዳው ላይ የስልክ ኩባንያው ግራጫ ሳጥን አለ፤ ውስጡ መሞከሪያ ቀዳዳ አለው። እዚያ ስልክ ስትሰኩ ድምፁ ጥሩ ከሆነ ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። እዚያም ካንኮራኮረ የእነሱ ነው፣ ጥሯቸው።

ፍጥነቱን በተመለከተ ብዙ ቅሬታ እሰማለሁ። 56 ብሎ የተሸጠ ሞደም 44 ወይም 46 ብሎ ቢገባ አልተጭበረበራችሁም። 56 በወረቀት ላይ ነው፤ በዚህ አገር የመገናኛ ኮሚሽኑ ደንብ ራሱ ከ53 በላይ አይፈቅድም ነበር፣ ወደ ላይ ስትልኩ ደግሞ 33.6 ነው። ከገዛችሁ ቪ.90 የሚል መሆኑን እዩ፤ ከ1998 በፊት ሁለት የማይግባቡ ዓይነቶች ነበሩ፣ ቪ.90 ነው ያስታረቃቸው።

አሁን ወደ ኮል ዌይቲንግ ልምጣ። እዚህ ላይ ከመመሪያ መጽሐፉ ጋር አልስማማም። መጽሐፉ የሚለው ከቁጥሩ ፊት *70 ጨምሩ፣ ኮማ አድርጉ፣ ኮል ዌይቲንግ ለዚያ ጥሪ ይጠፋል፣ ግንኙነታችሁ አይቋረጥም ነው። እውነት ነው፣ ይሠራል። ግን ለማን ነው የተጻፈው? እናቱ ሁለት መንገድ አልፋ ለምትኖር ሰው ነው። የእኛ እናቶች ያሉት ስምንት ሰዓት ቀድሞ በሚነጋበት አገር ነው፣ በበጋው ሰዓት ሰባት። አዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ክረምት ላይ እዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፣ በፈረንጁ 11። ልጆቻችን ኢንተርኔት ላይ የሚያመሹት በዚያው ሰዓት ነው። አገር ቤት ያለው ሰው ደግሞ እንደ እኛ ካርድ ገዝቶ አልነበረም የሚደውለው፤ በውድ ዋጋ፣ አንዳንዱም ቴሌ ሄዶ ተራ ጠብቆ ነበር። ሌሊት ከአገር ቤት የሚመጣ ስልክ ምን ዓይነት እንደሆነ ለአንባቢ አላስረዳም። የታመመ አለ፣ የሞተ አለ፣ ገንዘብ በአስቸኳይ የሚፈልግ አለ። እዚህ ሲደርስ «ተይዟል» ይለዋል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሰውየው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስለዚህ አገር ቤት የታመመ ሰው ያላችሁ *70 አታስገቡ። ኮል ዌይቲንጉ ይኑር። ስልክ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ሞደሙ ይቋረጣል፣ ሲቋረጥ ስልኩ ይጮሃል። ልጁ ያኮርፋል፣ ያኩርፍ። ግን አንድ ነገር አስተካክሉ፦ ዊንዶውስ ሲቋረጥ መልሶ ራሱ እንዲደውል ተደርጎ ከሆነ ስልኩን ሳታነሱ ቀድሞ መስመሩን ሊይዘው ይችላል። ዳያል አፕ ኔትወርኪንግ ውስጥ ሴቲንግስ ገብታችሁ ሪዳያል የሚለውን ምልክት አንሱ። በተጨማሪ ማንም ሳይጠቀምበት ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ እንዲዘጋ አድርጉት፤ ልጆች ከፍተውት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

የማይሆንላችሁ ከሆነ የስልክ ኩባንያውን ቮይስሜይል ውሰዱ። የቤት አንሰሪንግ ማሽን መስመሩ ሲያዝ አያነሳም፣ የኩባንያው ግን ያነሳል። ሁለተኛ መስመር ማስገባትም አለ፣ አቅም ላለው ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። በእኔ አስተያየት ግን የሁለተኛ መስመር ክፍያ ከመግባቱ በፊት ቤተሰቡ ሰዓት ይመድብ፤ የቤት ሥራ ያለው ከ7 እስከ 9፣ ከዚያ ወዲያ መስመሩ የአያት ነው። አንዲት ደንበኛችን ገመዱን ነቅላ ትራስ ስር አድርጋ እንደምትተኛ ነግራኛለች። ዘዴዋን አልነቅፍም።

ገመድ መንቀል ካነሳን አይቀር፣ በጋ ሲመጣ ነጎድጓድ ያለበት ቀን የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም ገመድ ከሞደሙ ንቀሉ። ሰው የመብራቱን መከላከያ ገዝቶ ሰላም ነኝ ይላል፣ መብረቁ ግን በስልክ ሽቦም ይገባል፣ መጀመሪያ የሚያገኘውም ሞደሙን ነው። መከላከያ ስትገዙ የስልክ ቀዳዳም ያለበትን ምረጡ። ሆቴል ወይም መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ዲጂታል የሚባለው የስልክ መስመር ላይ አትሰኩ፣ ሞደሙን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ፋክስ ማሽኑ የተሰካበትን ጠይቁ፣ እሱ ይሆናል።

በሚቀጥለው ወር በአማርኛ ስለሚጻፍ ኢሜይል እጽፋለሁ። ፊደላችሁ ወዲያ ማዶ ሲደርስ ለምን ሳጥን ሳጥን እንደሚሆን ብዙ ሰው ጠይቆኛል። እስከዚያው ያለፈውን ወር የስልክ ቢል አውጡና የሞደሙን ቁጥር ፈልጉበት።